«የ23 ብር ሰዎች» ተባልን፤ በቅጹ ላይ የማንን ገቢ እናስሞላ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ፣ ከእናቴ ጋር በቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ሲሆን ማድ ቤቱንና ሽንት ቤቱን ከሌሎች ሦስት አባወራዎች ጋር እንጋራለን። ወላጆቼ የገቡበት በ1972 ዓ.ም ነው፤ እኔም ወንድሜም የተወለድነው እዚያው ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ጣራውን ሁለት ጊዜ ቀይሮታል፤ ግድግዳውንም በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እሱ ነበር የሚያስቀባው። ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የወር ኪራያችን 23 ብር ነው።

እናቴ ዕድሜዋ 71 ነው፤ የምታገኘው ገቢ 1,900 ብር የሆነች የአባቴ ጡረታ ብቻ ናት። እኔ በአንድ የግል ክሊኒክ በላቦራቶሪ ባለሙያነት እሠራለሁ፤ ደመወዜ ከማታ ተራ አበሉ ጋር 12,500 ብር ይደርሳል። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ለባለቤቱ የሚያስገባውን አስገብቶ፣ ቤንዚኑን ችሎ፣ አንዳንድ ቀን 600 ብር ይዞ ሲገባ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቤንዚን ሲሰለፍ ውሎ ባዶ እጁን ይመጣል። ባለቤቴ የአንድ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል በመሆኑ በየወሩ 5,000 ብር በዝግ ሂሳብ እናስቀምጣለን፤ ቦታው በአዘዞ በኩል ይሰጣል ይባላል።

ባለፈው ሰሞን የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችን የሚመዘግቡ ሁለት ወጣቶች መጡ። አንደኛዋ ልጅ ዱካ ላይ ተቀምጣ ቅጹን መሙላት ጀመረች፤ እናቴም ቡና አቀረበችላትና የኪራይ ደረሰኞቿን የምታስቀምጥባትን የብስኩት ቆርቆሮ አምጥታ ፊቷ ዘረገፈችው። «የቤተሰቡ ጠቅላላ ወርኃዊ ገቢ» ከሚለው ላይ ስትደርስ እናቴ ቀድማኝ፣ «የባሌ ጡረታ ብቻ ናት፤ 1,900 ብር» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ገና ከሥራ መግባቴ ስለነበር ነጩን ጋወን በክንዴ እንደያዝሁ ነበር። ዝም አልሁ። እሷም ቦታውን ባዶውን ትታ፣ «ተመካከሩበት፤ ከጥምቀት በኋላ ተመልሼ አስፈርማለሁ» ብላ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። እናቴ፣ «እውነቱን ከጻፋችሁ ያስወጡናል፤ እኔን ከዕድሬ ለይታችሁ ልትገድሉኝ ነው» ትላለች። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ በስልክ፣ «የአባታችን ቤት ነው፤ የእኔንም ስም ነዋሪ ብለሽ አስገቢ፤ ገቢውን ግን ዝቅ አድርጊ» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ፣ «የአማት ቤት ሰልችቶኛል፤ ወጥተን እንከራይ» እያለ ነው። በአካባቢያችን አንድ ክፍል ቤት ከ4,000 ብር በታች አይገኝም።

ከሁሉም በላይ ግን ያቆሰለኝ የጎረቤቴ ነገር ነው። ከእኛ አጥር ጥግ በግለሰብ ግቢ ውስጥ ተከራይታ፣ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት አለች፤ ለአንዲት ጠባብ ክፍል በወር 3,500 ብር ትከፍላለች። የምዝገባው ዕለት ማታ ቡና ላይ ስለ ኪራይ ሲወራ፣ እየሳቀች «እናንተማ ምን አለባችሁ፣ የ23 ብር ሰዎች!» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የድሃ ቤት ይዘን ነው የምንኖረው? ወይስ በላባችን የምንኖር ሰዎች ነን? በቅጹስ ላይ ምን እናስሞላ?

ጭንቀታሟ፣ ከጎንደር

የአዘጋጁ መልስ

እህቴ ሆይ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ሰው ይናገራል። እናትሽ ይናገራሉ፣ ወንድምሽ ይናገራል፣ ባለቤትሽም ጎረቤትሽም የየራሳቸውን ብለዋል። ዝም ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያቺ መዝጋቢ ልጅም ቦታውን ባዶ የተወችው ያን ዝምታሽን አይታ ይመስለኛል። እንደ እኔ ግምት ክፉ አላደረገችም፤ በእናትሽ ቃል 1,900 ብሎ ጽፎ ማለፍ ለእሷም ይቀልላት ነበር። ጊዜ ሰጥታችኋለች፤ እስከ ጥምቀት ያለው ጥቂት ሳምንት ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ይበቃል።

ከቅጹ ልጀምር፤ የሚቸኩለው እሱ ነውና። እኔ በቦታሽ ብሆን እናቴን «1,900» ከሚል ቁጥር ሥር አላስፈርማቸውም። ይህን የምለው ቅጽ የሚባል ነገር ሁሉ የተከበረ ነው ብዬ አይደለም፤ የሚፈርሙት እሳቸው ስለሆኑ ነው። የኪራይ ውሉ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ነገ አንድ ሰው ተነሥቶ «በዚህ ቤት የደመወዝ ሰው አለ፤ ባጃጅ ነጂም አለ» ቢል፣ ቢሮ ተጠርተው መልስ የሚሰጡት አንቺም ወንድምሽም ሳትሆኑ የ71 ዓመቷ እናትሽ ይሆናሉ። ወንድምሽ «ዝቅ አድርጊ» የሚለው ከአዲስ አበባ ሆኖ ነው፤ የሚጠየቁት እናትሽ ግን ያሉት አራዳ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን መጻፍ ማለት የምትፈሩትን ትልቅ ቁጥር መጻፍ ነውን? እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም በደብዳቤሽ ላይ ገቢያችሁን የቆጠርሽበት መንገድ ራሱ ብዙ ነገር ደባልቋል። አንደኛ፣ ቅጹ «የቤተሰቡ» የሚለው የማንን ቤተሰብ ነው? በአንድ ጣራ ሥር ያሉት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፤ ባለውሏ እናትሽ ከጡረታቸው ጋር፣ አንቺና ባለቤትሽ ደግሞ ከሁለት ልጆቻችሁ ጋር። ቅጹ አንድ ሣጥን ብቻ ስላለው ሁለታችሁንም በአንድ ቁጥር መጭመቅ የግድ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ መዝጋቢዋን «ሁለት አባወራ በአንድ ጣራ ነን፤ ሁለቱንም ለየብቻ መመዝገብ ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ይቻላል ካለች ሁለት መስመር ይጻፍ። አይቻልም ካለችም ድምሩ ይጻፍና በማስታወሻው ቦታ የእናትሽ ድርሻ ለብቻው ይጠቀስ። ያኔ የትኛውም ዓይነት ውሳኔ ቢመጣ፣ በጡረታ የሚኖሩ እናት መኖራቸው በወረቀት ላይ ሰፍሮ ይቆያል። «1,900 ብቻ» ከተባለና በኋላ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ግን እውነተኛዋ 1,900ም አብራ ትጠረጠራለች።

ሁለተኛው የባለቤትሽ ገቢ ነው። «አንዳንድ ቀን 600፣ አንዳንድ ቀን ባዶ» ማለት ቁጥር አይደለም። የባጃጅ ነጂ ሚስት ይህን ታውቂዋለሽ፤ ሰው ግን የሚያየው ጥሩ የዋለበትን ቀን ብቻ ነው፤ አንቺም ሳታውቂው በስድስት መቶው ቀን እየቆጠርሽ ይመስለኛል። ከዛሬ ጀምሮ የልጆቹ ደብተር ጀርባም ቢሆን ይበቃልና በየማታው ሦስት ነገር ጻፉ፤ የዕለቱን ጠቅላላ ገንዘብ፣ ለባጃጁ ባለቤት የገባውን፣ ለቤንዚንና ለጥገና የወጣውን። የቆመበትንም ቀን «0» ብላችሁ አስፍሩ፤ ዜሮዋ እንዳትዘለል። ጥምቀት ሲደርስ የስድስት ሳምንት ገደማ ሒሳብ ይኖራችኋል፤ ያንን በቀናቱ ብታካፍሉትና በሠላሳ ብታባዙት የወሩን አማካይ ታገኙታላችሁ። ምናልባት ከምትፈሪው ያንሳል፤ ምናልባትም ይበልጣል። በሁለቱም መንገድ ግን ገቢያችሁን በግምትና በፍርሃት መናገር ይቀራል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጥያቄ ቅጹ የሚሞላው ለምንድን ነው የሚለው ነው። «ያስወጡናል» የሚለው ቃል በደብዳቤሽ ውስጥ ከእናትሽ አፍ እንጂ ከወረቀት ሲነበብ አላየሁትም። ምዝገባው ማን በየትኛው ቤት እንዳለ ለማወቅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኪራዩን ለማስተካከል ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። አንድ ጧት ፈቃድ ጠይቀሽ ወደ ቀበሌያችሁ የቤቶች ክፍል ሂጂና ምዝገባው የሚካሄድበትን መመሪያ ወይም ደብዳቤ እንዲያሳዩሽ በትሕትና ጠይቂ። በቃል የሚነግሩሽ ከሆነ የነገረሽን ሰው የሥራ ድርሻና ቀኑን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። ቀበሌው ካላወቀ ክፍለ ከተማው አለ። ይህን ሳታደርጉ የምትወስኑት ሁሉ በጭለማ የተወረወረ ድንጋይ ነው።

አሁን ወደ 23 ብሯ እንምጣ፤ ያቆሰለችሽ እሷ ናትና።

ይህቺ ቁጥር የእናንተ ቤተሰብ ብልጠት ውጤት አይደለችም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች እንዲተዳደሩ ተደረገ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራዩም በዚያው ጊዜ ተቀነሰ። በኋላ ዘመን እየተለወጠ፣ ብር እየረከሰ፣ ጤፍና ሲሚንቶ እየተወደደ ሲሄድ የብዙ ቀበሌ ቤቶች ኪራይ ግን የዱሮውን ይዞ ቀረ። ጉዳቱም አብሮ መጣ፤ በእንዲህ ያለ ኪራይ ጣራ ማስጠገን የሚችል አስተዳደር የለምና ቤቶቹ አረጁ፤ የአባትሽ ቆርቆሮና ቀለም የገባውም በዚህ ክፍተት ነው። አባትሽ ጣራውን ሁለት ጊዜ ሲቀይሩ ያወጡት ገንዘብ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ «ኪራይ» ተብሎ አልተጻፈም፤ ኪራይ ግን ነበር። ስለዚህ «የ23 ብር ሰዎች» ለሚለው ሳቅ ከሚገባው በላይ አትፈሪ።

ይሁንና ጎረቤትሽ ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ብዬ ላጽናናሽ አልፈልግም። እሷ ለጠባብ ክፍል 3,500 ትከፍላለች፤ እናንተ ለሁለት ክፍል 23። በመካከሉ ያለው 3,477 ብር ነው፤ በዓመት 41,724 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በእጃችሁ አልገባም፤ ነገር ግን ከእጃችሁ ስላልወጣ እንደ ገቢ ነው። የቅጹ አንዱ ቀልድ ይህ ነው፤ ደመወዝሽንና ጡረታውን ይጠይቅሻል እንጂ ለዚህኛው ገቢ የተዘጋጀ ሣጥን የለውም። እንቅልፍ የነሣሽም እሱ ይመስለኛል፤ አንቺ ያፈርሽው በ12,500 ብርሽ አይደለም፤ ላብሽ ነውና። የከበደሽ ማንም ያልጠየቀሽ፣ አንቺ ግን የምታውቂው ያ 3,477 ነው።

እንግዲህ ያን ገንዘብ ምን እያደረጋችሁበት ነው ብዬ ልጠይቅሽ ስል፣ መልሱን ራስሽ በደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽልኛል። በየወሩ 5,000 ብር በዝግ ሂሳብ ይገባል። ይህ ማለት ዝቅተኛው ኪራይ በቡናና በልብስ አልጠፋም፤ ከዚህ ቤት መውጫ መንገድ እየሆነ ነው። አሁን ባለቤትሽ እንዳለው ወጥታችሁ በ4,000 ብር ብትከራዩ፣ የምትቆጥቡት ወደ 1,000 ብር ይወርዳል፤ በአምስት ዓመት የሚጠራቀመው ገንዘብ ሃያ አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ ያውም የቤት ኪራዩ እዚያው ቢቆም ነው። ስለዚህ ከእፍረት የተነሣ ብቻ ዛሬ ውጡ ብዬ አልመክርም። ነገር ግን ቁጠባው ወዴት እንደሚያደርስና መቼ እንደሚያደርስ ካልተነገረ፣ «እስክንሠራ ድረስ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚተኛበት አልጋ ነው። አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ቀን ቁረጡ፤ በማኅበሩ ቦታ ላይ ቤቱ ተሠርቶ ቁልፉ እጃችሁ በገባ በስንት ወር ከዚህ ትወጣላችሁ? ማኅበሩ ቢጓተትስ በየትኛው ዓመት ሌላ መንገድ ትፈልጋላችሁ? ይህን ጻፉት። የማኅበሩን ሰብሳቢም ይህን ጠይቁ፤ የማኅበር ቤት የሚሠራ ሰው በቀበሌ ቤት መኖሩ በቅድመ ሁኔታዎቹ ውስጥ ምን ይባላል? ቁልፍ ስትረከቡ ሳይሆን ዛሬ ማወቅ ይሻላችኋል።

በዚህ ጉዳይ የራሴን አቋም ልደብቅሽ አልችልም። የራሳችሁ ቤት ከቆመ በኋላ የቀበሌውን ቤት ቆልፎ መያዝ ወይም ለሌላ ሰው በ4,000 ብር ማከራየት እኔ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የጎረቤትሽን ሳቅ እውነት የሚያደርገው ነው። እናትሽ እዚያው በጡረታቸው እየኖሩ ከቆዩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ በቤቱ ያለው ሰውና በቅጹ ላይ ያለው ገቢ አንድ ይሆናሉ።

ከዚህ የሚወጣ አንድ አማራጭ አለ፤ አንቺና ባለቤትሽ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በቅርብ ተከራይታችሁ፣ እናትሽ ደግሞ በቤታቸው መቆየት። በወረቀት ሲታይ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሌሊት ቢያማቸው የሚሰማቸው ማን ነው? ጎንደር ውኃ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚመጣ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ፤ በመጣበት ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካኑን የሚሞላው ማን ነው? ይህን መንገድ ካሰባችሁበት ደግሞ በእውነት ኑሩት፤ በቅጽ ወጥቶ በአልጋ መቅረት ከመጀመሪያው ውሸት የባሰ ነው። ለመከራየት ከወሰናችሁም በ2016 ዓ.ም የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ አስቀድማችሁ እወቁት፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ቢገጥማችሁ አንገት ደፍታችሁ መክፈል የለባችሁም።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «የአማት ቤት ሰልችቶኛል» ሲል የሰለቸው ቤቱ ነው ወይስ ሰውየው በቤቱ ውስጥ ያለው ቦታ? ሁለት ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ተኝቶ፣ ማታ ድካሙን አውልቆ የሚቀመጥበት ጥግ ያጣ ሰው ስለ ኪራይ ሲናገር፣ ስለ ኪራይ ብቻ እየተናገረ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የሚፈልገው 4,000 ብር ማውጣት ሳይሆን ከልጆቹ ፊት «ይህ የእኔ ቤት ነው» ማለት ነው። የማኅበሩን ጉዳይ በሙሉ ለእሱ ተዪለት፤ ስብሰባውንም ሆነ የባንኩን ደብተር እሱ ይያዘው፤ መውጫውን ቀን የሚናገረውም እሱ ይሁን።

እናትሽ ደግሞ «ከዕድሬ ለይታችሁ» ነው ያሉት፤ ከቤቴ አላሉም። ይህን ቃል ቀለል አድርገሽ አትለፊው። ከአርባ ዓመት በላይ በኖሩበት ሰፈር ዕድራቸውን ሲከፍሉ፣ ሲያስተዛዝኑ፣ ሲዘክሩ ኖረው፣ ነገ ከአልጋ ቢወድቁ የሚጠይቃቸው፣ ቢያርፉም የሚቀብራቸው ሰው ማን እንደሆነ በስም ያውቃሉ። አዘዞ ግን ለእሳቸው ባዕድ ነው። ወር በገባ በ21 ወደ ግምጃ ቤት ማርያም በእግራቸው ይሄዱ ከነበረ፣ ከዚያ ወዲያ በታክሲ መሆኑ ነው። እንግዲህ የቅጹን ነገር ይዘሽ አትቅረቢያቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው ሲቆላ፣ «እናቴ፣ መጀመሪያ ወደዚህ ቤት ስትገቡ እንዴት ነበር? ኪራዩስ ያኔ ስንት ነበር?» ብለሽ አስጀምሪያቸው። ሲጨርሱ ደግሞ፣ «እኛ ወጥተን አንቺ እዚህ ብትቆዪ ይሻልሻል ወይስ ከእኛ ጋር መሆን?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያቸው። እኔ የምፈራው ሁላችሁም ስለ እሳቸው ስትከራከሩ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አለመኖሩን ነው። ሰፈር ቢቀይሩ የዕድር አባልነታቸው ይቀጥል እንደሆነ ደግሞ ዳኛውን ጠይቂላቸው፤ አንዳንዱ ዕድር ርቆ ለሄደ አባል ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም፤ መልሱን ማወቅ ብቻውን ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣቸው ይሆናል።

ወንድምሽ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ያኔ በአካል ይነገረው፤ ስልክ ለዚህ አይሆንም። የቀበሌ ቤት የአባት ቤት ተብሎ በልብ ሊያዝ ይችላል፤ የአባት ርስት ግን አይደለም፤ የሚወረስ ነገር ሳይሆን የኪራይ ውል ነው፤ ውሉ ለቤተሰብ የሚዞርበት መንገድ ቢኖርም ቤቱ ውስጥ በእውነት ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጎንደር «ነዋሪ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አስቀድሞ የሚጎዳው በዚያ ቅጽ ላይ የተጻፉትን እውነተኛ ነዋሪዎች ነው። ይህን ስትነግሪው ወንድምሽ ቂም እንዳይዝ፣ «የአባታችን ቤት» ሲል በልቡ ያለውን ነገር አስቀድመሽ ስሚው። ምናልባት የፈራው ገንዘብ ማጣት ሳይሆን ለበዓል ሲመጣ የሚያርፍበት ደጃፍ ማጣት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ አዘዞ የሚሠራው ቤት ለእሱ የሚዘረጋ ፍራሽ ይኑረው።

ለጎረቤትሽ የይቅርታ ንግግር አታዘጋጂ፤ እሷም አልጠበቀችም። ገንዘብ ልስጣት ብለሽም አትነሺ፤ ያ ሳቋን ወደ ምጽዋት መቀየር ነው። ይልቅ የቤቶች ክፍሉን ለራስሽ ጉዳይ ስትጠይቂ፣ የቀበሌ ቤት ለሚፈልግ ችግረኛ የሚመዘገብበት ወረፋ መኖር አለመኖሩንና ምን ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ አብረሽ ጠይቂላት። እንጀራ ስትጋግር የምትውል ሴት ቢሮ ለመመላለስ አንድ ቀን ማጣት ማለት የልጆቿን እራት ማጣት ነው፤ አንቺ ያን መረጃ በአንድ ጉዞ ልታመጪላት ትችያለሽ።

መዝጋቢዋ ስትመለስ ደብተሩ፣ የደመወዝሽ ማስረጃና የጡረታው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይሁኑ፤ የተሞላውን ቅጽ እናትሽ ከመፈረማቸው በፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፤ በስልክሽም ፎቶ አንሺው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከገቢው ጥያቄ ይልቅ ይህ አሳስቦኛል። አባትሽ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል ብለሻል፤ ውሉ ወደ እናትሽ ስም መዞሩን ግን አልጻፍሽም። እኔም እስካሁን እንደ ዞረ ቆጥሬ ነው ባለውሏ እሳቸው ናቸው ስል የቆየሁት። ካልዞረ፣ በሟች ስም በቆመ ውል ላይ ማንም ቢሆን ገቢውን እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ቢያስመዘግብ የቆመበት መሬት የለውም። እናትሽ ያቺን የብስኩት ቆርቆሮ ዛሬ ማታ እንዲያወርዷት ለምኛቸው፤ ከደረሰኞቹ የመጨረሻው በማን ስም እንደ ተቆረጠ እዪ። በአባትሽ ስም ከሆነ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱንና የጋብቻ ማስረጃውን ይዛችሁ ሰኞ ጧት ቀበሌ የምትሄዱበት ጉዳይ እሱ ይሁን።